የጣና ነጭ ዓሣ የተመናመነው በአየር ንብረት ነው ወይስ በመረብ?

ዘጌ፦ ለክርክር የቀረበው፣ ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ወንዝ በሚወጣበት የክረምት ወራት የወንዝ አፎች ለአስጋሪ ይዘጉ የሚለው ሐሳብ ነው። እኔ አልቀበለውም። አባቶቻችን በደንገል ታንኳ ሲያሰግሩ ዓሣው አልጠፋም፤ የጠፋው ዝናቡ ከተዛባ ወዲህ ነው። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ጎድሎ ጀልባዎች መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው አይተናል። ሰማይ ላጠፋው አስጋሪው ለምን ይቀጣል?

ጉማራ፦ ወንድሜ ዘጌ፣ የ1995ቱ መጉደል የዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በር በኩል ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃም ተደርቦበታል። መረብን በተመለከተ ደግሞ፣ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱ በጥናት ተመዝግቧል። ዓሣው ወንዙ እስኪሞላ ከአፉ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ መረቡም የሚዘረጋው እዚያው ነው። በነሐሴ ገበያ ላይ ሆዷ የተሰነጠቀውን ዓሣ ያየ ሰው፣ ዕንቁላሉ ከሥጋው ጋር አብሮ ሲወጣ ያውቀዋል። ከ15 የማያንሱት የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በሌላ ሐይቅ የሉም፤ የሚተካቸው ከየት ይመጣል?

ፎገራ፦ ሁለታችሁም ወንዙን ረሳችሁት። ዓሣው ዕንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው፤ ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ግን ያንን ጠጠር ይሸፍነዋል፣ በበጋ ደግሞ ለሽንኩርት ማጠጫ የሚሠሩት ፓምፖች የርብንና የጉማራን ወንዞች ያደርቋቸዋል። የአየር ንብረት ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፦ ክረምቱ ሲዘገይ ዓሣውም ይዘገያል፤ ስለዚህ በቀን የተወሰነ እገዳ ዓሣው ገና ሽቅብ ሲወጣ ሊያበቃ ይችላል። እገዳው ሊታሰር የሚገባው በወንዙ ሙላት ነው።

ዘጌ፦ ሐሳቡ ከቀኑ ይሻላል፤ ሆኖም ሸክሙ እኩል አይደለም። ሞተር ያለው ከወንዝ አፍ ርቆ በሌላ የሐይቁ ክፍል ያሰግራል፤ በታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አስጋሪ ግን ከዳር መራቅ አይችልም።

ጉማራ፦ በታንኳ ለሚሠራው አምባዛ የተባለውን ሌላ ዓሣ በመንጠቆ መያዝ ይፈቀድለት፤ መረብ ግን ከወንዝ አፍ ይነሣ። ሙላቱንም ከባለሙያው ጋር የሚለኩት በየወንዙ አፍ የሚያሰግሩት ሰዎች ራሳቸው ይሁኑ።

ዘጌ፦ እነሱ የሚለኩት ከሆነ እስማማለሁ፤ ለዚያ ጊዜ የሚጎድለውን ገቢ ማን እንደሚሸፍን ግን እስካሁን አልተነገረንም።