አሮጌ የሉል ሐብል፦ ልጠበው ወይስ ክሩን ልቀይር?

ወይኒቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ የሉል ሐብል በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ርዝመቱ 45 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ክሩ ቢጫ ሆኗል፤ በሉሎቹ መሃልም ክፍተት ይታያል። ሁለቱ ደግሞ ቀዳዳቸው አካባቢ ተልጠዋል። እውነተኛ ይሆን? በሳሙና ልጠበው ብዬ ፈራሁ። በየቀኑ ባደርገውስ?

ክር ሰሪ፦
እህቴ፣ እንዳለ ውሃ ውስጥ አትንከሪው። የሐር ክር ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ውሃውም የክሩን ቆሻሻ ይዞ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ክፍተት ከታየማ ክሩ ሊበጠስ ተቃርቧል፤ እስኪቀየር ድረስ አታድርጊው።

ከመቁረጥሽ በፊት ፎጣ ላይ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺው፤ መሃል ላይ ያሉት ከዳር ካሉት ተለቅ ሊሉ ስለሚችሉ ተራቸው መጥፋት የለበትም። ነጠላ የሐር ክር ከሆነ 2 ሜትር ይበቃሻል። ውፍረቱ ቀዳዳውን ሞልቶ የሚያልፍ ይሁን፤ ከቀጠነ ቋጠሮው ቀዳዳው ውስጥ ይሾልካል። በየሉሉ መሃል አንድ ቋጠሮ ይግባ። ቋጠሮው ገና ላላ እንዳለ መርፌ አስገቢበት፤ በመርፌው እየገፋሽ ሉሉ ጥግ ድረስ አድርሺው፤ ከዚያ መርፌውን አውጥተሽ ክሩን ሳቢ። ቋጠሮ ካለ ክሩ ቢበጠስ እንኳ ሁሉም አይበተንም፤ ሉሎቹም እርስ በርስ አይፋተጉም።

ሀመልማል፦
እውነተኛነቱን ከተላጠው ቦታ ታውቂዋለሽ። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እዪው። ቀለሙ እንደ አሮጌ የጥፍር ቀለም ተነስቶ ከሥሩ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ካለ አርቴፊሻል ነው። መላጡ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ሽፋኑ የሳሳ እውነተኛ ሉልም ይላጣል፤ ከሥሩ የሚታየው ግን የዛጎል ፍሬ (ሽፋኑ የለበሰው ከዛጎል የተሠራ እንክብል) ነው። ሁለቱን ቀስ አድርገሽ ስታፋትጊያቸው እውነተኛው እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር ይላል፤ አርቴፊሻሉ ይንሸራተታል። በጥርስ መሞከሩን ተዪው፤ ሊጭረው ይችላል።

ክሩ ከተቀየረ በኋላ በየቀኑ ማድረግ ችግር የለውም። ሉል በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ የሚፈራው አሲድ ነው፤ ላብ፣ ሽቶና የፀጉር ስፕሬይ ቀስ በቀስ ያደበዝዙታል። ሽቶሽን ተቀብተሽ ከደረቀ በኋላ አድርጊው፤ ማታ ስታወልቂ በትንሹ እርጥብ በሆነ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። የጥርስ ሳሙና፣ ብሩሽና ቤኪንግ ሶዳ በፍጹም! ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ መለኪያ ከ2.5 እስከ 4.5 ብቻ ነው፤ ይጫራል። አትስቀይው፤ ክሩን ያረዝመዋል። በጨርቅ ከረጢት ውስጥ፣ ከሌላ ጌጥ ለይተሽ አጋድሚው።

ወይኒቱ፦
አየሁት፤ ከሥሩ እንደ መስታወት ያበራል። እንግዲህ ክር መቀየሩ ዋጋ አለው?

ክር ሰሪ፦
አለው እንጂ! ጥሩ የመስታወት ሉል በደንብ ከያዙት ብዙ ዓመት ያምራል። ሽቶና ውሃ እሱንም ይልጡታል፤ አያያዙ ያው ነው። ስትሰኪው ሁለቱን የተላጡትን ከመቆለፊያው ግራና ቀኝ አድርጊያቸው፤ ማጅራትሽ ላይ ስለሚውሉ ማንም አያያቸውም። መጠናቸው ከዳሮቹ ከተለየ ግን አውጥተሽ ሐብሉን ትንሽ ብታሳጥሪው ይሻላል።