የተቆጣ ጥርስን ማደንዘዣ ለምን አይዘውም?

ጥያቄ፦
የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ሌሊቱን ሙሉ ጉንጬን አስይዞ ካሳደረኝ በኋላ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ሁለት ጊዜ ማደንዘዣ ተወግቼ ከንፈሬ ውኃ መያዝ እስኪያቅተው ቢደነዝዝም፣ መሰርሰሪያው ጥርሱን ሲነካው ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሣሁ። «ፈርተሽ ነው» ተብዬ ሥራው ሳያልቅ ተመለስኩ። እውነት ከፍርሃት ነው? የተሻለ ዘዴስ የለም?

መልስ 1 (የጥርስ ሐኪም ነኝ)፦
እህቴ፣ ፍርሃት ሕመምን ያባብሳል እንጂ በደንብ የደነዘዘን ነርቭ አይቀሰቅስም። እ.ኤ.አ. በ1943 ስዊድን ውስጥ ከተሠራውና ዛሬም በስፋት ከምንጠቀምበት ሊዶካይን ከተባለው ማደንዘዣ ውስጥ የነርቩን ሽፋን ዘልቆ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ክፍል ብቻ ነው፤ የተቆጣ ሥጋ አሲድነቱ ስለሚጨምር ደግሞ ይህ ክፍል ያንሳል። የተቆጣው ነርቭ ራሱም ከወትሮው ይልቅ በቀላሉ ይቀሰቀሳል። ስለዚህ የከንፈር መደንዘዝ ለጥርሱ ዋስትና አይሆንም፤ ከመሰርሰር በፊት በጥጥ በተያዘ ቀዝቃዛ ነገር ጥርሱን ነክቶ መፈተን የሐኪሙ ፋንታ ነው። እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ ዋናውን ነርቭ ካደነዘዝኩ በኋላ፣ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚሠራበትን አርቲካይን የተባለ ሌላ ማደንዘዣ በጥርሱ ጎን ባለው ድድ እጨምራለሁ፤ ካልበቃም በሥሩ ዙሪያ ወይም በአጥንቱ ውስጥ እሰጣለሁ።

መልስ 2 (ከቨርጂኒያ)፦
እኔን የወጉኝ በኮምፒውተር በሚመራ መሣሪያ ነበር። እንደ እስክሪብቶ ተይዞ መድኃኒቱን ጠብ ጠብ እያደረገ በዝግታ ያስገባል፤ ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ የሚያመው የመርፌው ጫፍ ብቻ ሳይሆን ፈሳሹ በፍጥነት ሲገፋ የሚፈጥረው ግፊትም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚህ አለ። ሆኖም መሣሪያው የመወጋቱን ሕመም ይቀንሳል እንጂ ከላይ የተነገረውን ችግር ብቻውን አይፈታም።

መልስ 3 (የአንስቴዥያ ባለሙያ)፦
ማረጋጊያን ከማደንዘዣ መለየት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1844 ራሱ ስቦ ጥርሱን ያስነቀለበት ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ዛሬ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫ ጭምብል ይሰጣል፤ ሚዳዞላም የተባለው ማረጋጊያ መድኃኒት ደግሞ በአፍ ወይም በደም ሥር ይሰጣል። ሁለቱም ጭንቀትን ያበርዳሉ፤ የጥርሱን ነርቭ ግን አይዘጉም። ሚዳዞላም የሚሰጥዎት ከሆነ ጣትዎ ላይ የኦክስጅን መለኪያ መኖሩን፣ ትንፋሽዎን የሚከታተል ሰው መመደቡንና መድኃኒቱን የሚያከሽፈው ፍሉማዜኒል በእጅ መገኘቱን አስቀድመው ይጠይቁ። እነዚህ የሌሉበት ቦታ ባይሞክሩት እመርጣለሁ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሐሙስ ቀጠሮ አስይዣለሁ፤ ከመሰርሰሩ በፊት በቀዝቃዛ ነገር እንዲፈትኑልኝ እጠይቃለሁ።