የማኅበሩ ገንዘብ ለአንድ ታማሚ ወይስ ለምርመራው? (ክርክር)

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልን፣ የፍኖተ ሰላምና የአካባቢዋ ተወላጆች። በግል የምትጽፉልኝ ስለበዛ ነገሩን እዚሁ አደባባይ ላውጣው። አንድ የአገራችን ልጅ (ቤተሰቡ ስሙ እንዲጠራ አልፈለገም) በውስጥ እግሩ የወጣው ጥቁር ነገር ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኝቷል። አሁን ወደ ብሽሽቱና ወደ ሳንባው ተዛምቷል። ውጭ አገር ያለ ሆስፒታል የሰውነትን በሽታ መከላከያ በሚያነሳሳ መድኃኒት፣ ማለትም በኢሚውኖቴራፒ፣ ላክመው ብሏል። ቤተሰቡ ለማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ያጠራቀምነውን ገንዘብ እንድንሰጣቸው ጠይቀዋል። ይሰጥ? አይሰጥ? እሑድ ድምፅ አለ። የሚሳደብ ይወጣል፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ጋሼ ሙሉዓለም፦ ይህ ድምፅ የሚያሰጥ ነገር ነው እንዴ? ሰው ሊሞት ነው፣ ገንዘብ አለ፣ አለቀ። የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን እናንሳ። እኛ አማራ ክልል ውስጥ የምናውቃቸው ማዕከላቸው በሚደግፈው የትራኮማ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ90 ዓመታቸው፣ ይኸው ሜላኖማ ጉበታቸውና አንጎላቸው ድረስ ደረሰ። ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ይህን አዲሱን መድኃኒት አገኙ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በምርመራ ምንም ካንሰር አልታየም ተባለ። የሞቱት በ2024 መጨረሻ፣ 100 ዓመት ሞልቷቸው ነው። የ90 ዓመት ሽማግሌ ከተረፈ የእኛ ጎልማሳ ለምን አይተርፍም?

ሲስተር ብርቱካን፣ ቡሬ፦ ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ፤ ያ ገንዘብ ግን ባለቤት አለው። ምርመራው ምን እንደሆነ ያላያችሁ ትኖራላችሁና ልንገራችሁ። ኮምጣጤ የሚሸተውን አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክሬ የማኅፀን በሩን እቀባለሁ፣ አንድ ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። ነጭ ሆኖ የወጣ ቦታ ካየሁ፣ ለዚያ የሚሆን ከሆነ፣ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይታከማል፤ ሴትየዋ በዚያው ቀን በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሳትመረመር ቀርታ ደም ሲፈሳት፣ ሽታው ከሰው ሲያርቃት የምትመጣዋን ደግሞ ወደ ጥቁር አንበሳ ልኬ ወረፋ እንድትጠብቅ ከማድረግ በቀር የምሠራላት የለም። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን እሱም አይሆንም።

ስለ ሰውነት መከላከያ ከሆነ ወሬው፣ እኔም የምውለው ከእሱው ጋር ነው። ይህን ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። አብዛኛዋ ሴት ሰውነቷ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ቫይረሱን ራሱ ያጠፋዋል፣ መያዟንም አታውቅም። ችግሩ ያልጠፋላት ላይ ነው። ኤችአይቪ መከላከያዋን ያዳከመባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ 6 እጥፍ ነው።

አያ ጥላሁን፣ ሰከላ፦ እኔ የገባኝ፣ መድኃኒቱ ሁሉ የሰውነትን ኃይል ማበርታት ነው አይደል? ታዲያ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ምን ጎደለን? የግሽ ዓባይ ጸበል እዚሁ ደጃችን ነው። ልጁን እዚህ አምጡት፤ ገንዘቡም ለሴቶቹ ይቀመጥ።

ዮናስ (ላብራቶሪ የምሠራ)፦ አያ፣ ስለ ጸበሉ ምንም አልልም። እምነት ነው፤ መድኃኒቱን እስካላስጣለ ድረስ ከሕክምና ጋር አይጣላም። “ማበርታት” በሚለው ላይ ግን እንነጋገር።

ካንሰር ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ ጂኑ ተበላሽቶ ያለ ልክ የሚባዛ የራሳችን ሴል ነው። ስንዴ ውስጥ የበቀለ እንክርዳድ በሉት፤ ለመንቀል የገባው ሰው እስኪለየው ይቸገራል። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በየሴሉ ገጽ ላይ የሚወጣውን የፕሮቲን ቁራጭ እየፈተሹ ይዞራሉ፣ እንግዳ ነገር ካገኙ ይገድላሉ። ኩላሊት የተተካላቸውና መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለአንዳንድ ካንሰሮች ከሌላው ይበልጥ የሚጋለጡት ይህ ጥበቃ ስለሚላላ ነው።

ግን ገዳዩ ደርሶም የሚቆምበት ጊዜ አለ። ቲ ሴል ላይ ፒዲ-1 የሚባል መቀበያ አለ። ሥራው ቲ ሴሉ ጤነኛውን ገላ እንዳያጠቃ ማስቆም ነው። ብዙ ካንሰር ይህንኑ መቀበያ ይነካና ቲ ሴሉ አጠገቡ እያለ ሥራ ይፈታል። ነጭ ሽንኩርት የቱንም ያህል ቢበላ መቀበያውን አይሸፍነውም። ካርተር የወሰዱት ፔምብሮሊዙማብ የሚሠራው መሸፈኑን ነው። ፒዲ-1ን ያገኙት ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ፣ ሲቲኤልኤ-4 በሚባለው ሌላ መቀበያ ላይ የሠሩት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት አብረው ወሰዱ።

ደግሞ መከላከያ በበረታ ቁጥር ደግ ነው ማለት አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን በአብዛኛው የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ አይደለም፤ የያዘውን ሴል ለመግደል የሚመጣው የራሳችን መከላከያ ነው። ዓመታት ሲቆስልና ሲሽር ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ ይደድራል፣ ከዚያ ካንሰር ሊከተል ይችላል።

ጋሼ ሙሉዓለም፦ ጎሽ ዮናስ! እንግዲህ መድኃኒቱ እንደሚሠራ አንተው መሰከርክ። ይሰጥ!

ዮናስ፦ አልጨረስኩም ጋሼ። የሁለቱ መቀበያዎች መዝጊያ አንድ ላይ ሲሰጥ፣ ከተዛመተ ሜላኖማ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት ተገኝተዋል። ቀድሞ ይህ በሽታ በወራት ይጨርስ ስለነበር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያ ጥናት የነበሩት በአብዛኛው ፀሐይ የጎዳቸው ነጮች ናቸው። ፀሐይ ጂኑን በብዙ ቦታ ስለምታበላሸው ካንሰሩ እንግዳ ፕሮቲን ይበዛበታል፣ ቲ ሴልም ይለየዋል። የእኛ ልጅ በውስጥ እግሩ የወጣበት ሌላው ዓይነት ነው፤ ቦብ ማርሌን በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ጀምሮ በ36 ዓመቱ የገደለው። የጂን ብልሽቱ ያነሰ ነው፣ ለዚህ መድኃኒትም የሚመልሰው ምላሽ ያነሰ ነው። የለም ማለቴ አይደለም፤ የሚድን አለ። የካርተርን ታሪክ ይዞ ድምፅ መስጠት ግን ልክ አይደለም።

የታማሚው ታናሽ ወንድም፦ ሁላችሁንም አነበብኩ። ወንድሜ ስልክ ስለማይነካ ይህን አላየም፣ እንኳንም አላየ። በሬዎቹን ሸጠናል። “ለሴቶቹ ወይስ ለእሱ” ሲባል እናታችን አጠገቤ ነበረች፤ እሷም ሴት ናት። ዶክተሩ ዕድል አለው ብሎናል፤ ስንት ከመቶ ብለን አልጠየቅንም፣ አልፈለግንም።

ሲስተር ብርቱካን፦ ወንድሜ፣ እግዜር ይማርላችሁ። አትቀየመኝ፤ በሩን እያንኳኳች የምትመጣውን ሴት ስለማይ ነው።

ቢኒ፦ እኔ በበኩሌ ለሁለቱም አይሰጥ። ደግሞ ያ ኤችፒቪን ለመከላከል ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት ያመክናል እየተባለ ነው።

ሲስተር ብርቱካን፦ ቢኒ፣ ማን ነው ያለህ? ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ አይባዛም፣ ማኅፀን ውስጥም አይገባም። ሰውነት ቅርፊቱን አይቶ ቀድሞ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል፤ ይኸው ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ሴት ልጆች መስጠት ጀምራለች። ማኅፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ሲዘገይ ተቆርጦ ይወጣላ። የምትጠይቀው እህት ካለችህ ላካትና ታናግረኝ።

ሰናይት፣ አዲስ አበባ፦ የክትባቱን ወሬ ተዉትና ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ይህ መድኃኒት አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በየ3 ሳምንቱ ወይም በየ6 ሳምንቱ በደም ሥር እየተሰጠ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቀጥላል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል፤ ሌላ አገር ቢቀንስም ለእኛ ቀላል አይደለም። መከላከያው ሲለቀቅ ደግሞ አንጀት፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ የእንቅርት ዕጢ ላይ ሊዞር ይችላል። ተቅማጥ የጀመረው ታማሚ ቶሎ ካልታየ ራሱ ይገድለዋል። ከ2 ዙር በኋላ ገንዘብ አልቆበት ፍኖተ ሰላም ቢመለስ ማን ይከታተለዋል? ምርመራው ይቆም ካልን ደግሞ አንዷን ወር ብቻ አይደለም የምናቆመው። እኔ ለልጁ ሌላ መዋጮ ይከፈት ባይ ነኝ፤ የእኔን ድርሻ ዛሬ እልካለሁ።

ጋሼ ሙሉዓለም፦ ሌላ መዋጮ! ባለፈው ዓመት መዋጮ ስንከፍት ስንት ሰው እንደሰጠ ረሳሽው እንዴ ሰናይት? ካንሰሩ እኛን አይጠብቅም። እኔ አሁንም ይሰጥ እላለሁ፤ ሲጎድል ለምርመራው እንለምናለን።

ሲስተር ብርቱካን፦ ለምርመራው ሲለመን የሚሰጥ ማን አለ ጋሼ? ፎቶ የለው፣ ስም የለው።

ዮናስ፦ ወንድሜ፣ ከሆስፒታሉ የመጣውን የዋጋ ደብዳቤ አየኸው? ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ ነው ያሰቡት ወይስ አንዱን? ለስንት ዙር? ለጎንዮሽ ጉዳቱ የሚሆን ክትትልስ ውስጡ አለበት?

የታማሚው ታናሽ ወንድም፦ አንዱን ነው የሚለው፤ ዋጋውም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ብቻ ነው። ስለ ክትትል የተጻፈ የለም።

ጋሼ ሙሉዓለም፦ እንዲህ ከሆነማ ጠይቁልን። የጠቅላላው ዋጋና የክትትሉ ነገር ተጽፎ ሳይመጣ ድምፁን እኔም አልሰጥም።

አስተባባሪ፦ የእሑዱ ድምፅ ወረቀቱ እስኪመጣ ተላልፏል። ሰናይት፣ ለልጁ የሚሆነውን መዋጮ ዛሬ ማታ ለብቻው ክፈችው።