የላሜ የፈረንጅ ደም በዛ፤ የትኛውን ኮርማ ልምረጥ?

በአዳማ ዙሪያ ከአንዲት የቦረና (የአገር ዝርያ) ላም የተገኙ ሦስት የወተት ላሞች አሉኝ። የቦረናዋ በቀን ከ3 ሊትር በላይ ሰጥታኝ አታውቅም፤ በሆልስታይን ፍሪዥያን (በፈረንጅ የወተት ዝርያ) ተዳቅላ የወለደቻት ግማሽ ክልስ ግን ጭድና ጥቂት ፋጉሎ እየበላች 10 ሊትር ትታለባለች፣ ሳታስቸግርም ትወልዳለች። በዚህ ተደፋፍሬ ግማሽ ክልሷንም ልጇንም በዚያው የፈረንጅ ዝርያ ስላስዳቀልኩ የፈረንጅ ደሙ ወደ 75፣ ቀጥሎም ወደ 87.5 በመቶ ደረሰ።

ያስጨነቀችኝ ይህች የመጨረሻዋ ናት። በወለደች ሰሞን 17 ሊትር ታልባ ነበር፤ ፀሐይ ሲበረታ ግን አንገቷን ዘርግታ፣ ለሃጯን እያዝረበረበች በጥላው ሥር ታለከልካለች፣ መኖዋንም ትተዋለች፤ ወተቷ ወደ 9 ሊትር ወርዷል። ሦስት ጊዜ ተዳቅላም አልያዘችም። የበረቱን ጣሪያ ከፍ አደረግሁ፣ ፉርሽካ ጨመርሁ፤ የእንስሳት ሐኪሙም መርምሮ የማህፀን በሽታ የለባትም አለኝ። አያቷ በዚያው በረትና በዚያው ሙቀት ደህና ስለሆነች፣ ጥፋቱ ወተትን ብቻ እያየሁ የመረጥሁት የእኔ ምርጫ ይመስለኛል።

አሁን በቦረና ኮርማ ባስዳቅላት የጥጃዋ የፈረንጅ ደም ወደ 44 በመቶ ይወርዳል፤ ወተቱም አብሮ እንዳይወርድ እሰጋለሁ። በግማሽ ክልስ ኮርማ ከሆነ 69 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ነገር ግን ክልስ ከክልስ ሲዳቀል ጥጃዎቹ አንድ ወጥ አይሆኑም። በቆላማ አካባቢ የወተት ላም ያረባችሁ፣ ለዚህች ላም ከሁለቱ የትኛውን ኮርማ ትመርጣላችሁ?