ሪያድ ልሄድ ነው፤ ማተቤን ምን ላድርገው?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ድሬዎች። ነርስ ነኝ። ሪያድ አንድ ሆስፒታል ሥራ አግኝቼ ቪዛዬ ደርሷል። ኦርቶዶክስ ነኝ። ያደግኩት ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ነው፣ በረመዳን ሳምቡሳው እኛም ቤት ይመጣል፣ ስለዚህ ሰዉ አያስፈራኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ማተቤን ልበጥስ እንዴ? ሥጋውስ? እኛ ቤት የሙስሊም ሥጋ ተበልቶ አያውቅም። እናቴ ከአሁኑ ማልቀስ ጀምራለች። የኖራችሁበት እውነቱን ንገሩኝ።

ከዚራ፦
እህቴ፣ ጅዳ 6 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ማተብሽን አትበጥሺ። ክሩን ረዘም አድርጊውና ከዩኒፎርሙ ሥር አንገቱ ዝግ የሆነ ቲሸርት ልበሺ። እኔን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ብቻ አንዲት ሱዳናዊት ባልደረባዬ አየችብኝ። ምንም ሳትል ኮሌታዬን ሳብ አድርጋ ሸፈነችልኝ። እስከ ዛሬ አልረሳትም።
ቤተ ክርስቲያን ግን በመላው ሳውዲ አንድም የለም። ክፍልሽ ውስጥ ብቻሽን ጸልዪ። ተሰብስቦ መጸለይ አደጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ጅዳ ቤት ውስጥ ሲጸልዩ የተያዙ 35 ኢትዮጵያውያን ወራት ታስረው ነው የተባረሩት። ሳምንታዊ እረፍቱ አርብና ቅዳሜ ነው፣ እሁድ ሥራ ነው፣ ገናም ሥራ ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢን እያሰብኩ የሌሊት ተረኛ የሆንኩበት ቀን በጣም ከብዶኝ ነበር። ቅዳሴ በስልክ በማዳመጫ እሰማለሁ። ሥጋውን አልበላሁም፤ ምስር፣ እንቁላልና ዓሣ ሞልቷል።

የጁገል ልጅ፦
አቦ አትጨነቂ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሪያድ ሠርቻለሁ። ግን የሐረርንና የድሬን ኑሮ እዚያ አትጠብቂ። እዚህ ሃይማኖትሽን የሚያውቀው ጎረቤትሽ ነው፣ እዚያ ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) ላይ ሳይቀር ይመዘገባል። ደላላ በሙስሊም ስም ልሙላልሽ ካለሽ እምቢ በዪ። የሰፈራችን ልጅ በሌላ ስም ሄዳ ታማ ሆስፒታል ስትገባ ማን መሆኗን አስረድተን እስክናገኛት ወር ፈጀብን።
አባያ (ከልብስ በላይ የሚደረበው ረጅም ቀሚስ) ለውጭ አገር ሴት ግዴታ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2019 ቀርቷል፣ ቢሆንም አንድ ይኑርሽ፣ ሰውነት የሚያሳይ ልብስ ግን አይሆንም። በረመዳን ቀን ሰው ፊት ውሃም አትጠጪ፣ ሠራተኞች ክፍል ገብተሽ ብዪ። በሕጉ የሥራ ሰዓት በቀን ወደ 6 የሚቀንሰው ለሙስሊሞች ነው፣ ኮንትራትሽን ቀድመሽ እዪው። መካ ሙስሊም ያልሆነ ሰው መግባት አይፈቀድለትም፤ ጅዳ ከሄድሽ መንገድ ላይ ያለውን ምልክት አስተውዪ።
ደግሞ እባክሽ፣ ማንም ይህችን ዕቃ አድርሺልኝ ቢልሽ አትቀበዪ። እኛ ጋ ጫት በየበሩ ይሸጣል፣ እዚያ ግን እንደ ማንኛውም ዕፅ ያሳስራል።

የሳቢያን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ለእማዬ አነበብኩላት። ኮሌታው ጋ ስደርስ እንደገና አንብቢው አለችኝ። አሁን የምትጠይቀው ሽሮና በርበሬ ይገባል ወይ ብላ ነው።

ከዚራ፦
እኔ ሁሌም ይዤ ገብቻለሁ። በደንብ አሽጊውና ምን እንደሆነ በአረብኛ ላዩ ላይ አስጽፊበት።