ልጆች እያሳደጉ የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ መልመድ፦ ከምን ይጀመራል?

እናት ከጊንጆ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው፤ ትልቋ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ትንሹ ኬጂ። እንግሊዝኛ ሳነብ ብዙውን እረዳለሁ፣ አፌ ላይ ግን አይመጣም። ለኮርስ የሚሆን ጊዜ የለኝም፤ በቀን ቢበዛ 20 ደቂቃ፣ እሷም የተቆራረጠች። ከልጆቹና ከአስተማሪዎቻቸው ጋር ለማውራት ያህል ከምን ልጀምር? ቃላት ልሸምድድ ወይስ አፕ ላውርድ?

የቋንቋ መምህር፦
እህቴ፣ ነጠላ ቃል መሸምደዱን ተዪው። "ሹዝ" ጫማ መሆኑን ማወቅ "ጫማሽን አድርጊ" ለማለት አያበቃም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያዢ፣ ያውም በየቀኑ በአማርኛ የምትደጋግሚውን። ለመጀመሪያ ከመኝታ እስከ ባጃጅ ያለውን ብቻ ውሰጂ፦ "ታይም ቱ ጌት አፕ"፣ "ብራሽ ዩር ቲዝ"፣ "ፑት ኦን ዩር ሹዝ"፣ "ዌር ኢዝ ዩር ላንችቦክስ?"፣ "ሃሪ አፕ፣ ዊ አር ሌት"። ለሳምንት አምስቱ ይበቃሉ። ሃያ የሚጀምር ሰው ሐሙስ ላይ ያቆማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እሑድ ማታ አምስቱን ደብተር ላይ ጻፊ፤ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። ጉግል ትራንስሌት ላይ አስገቢና የድምፅ ማጉያዋን ምልክት ተጭነሽ አድምጪ፣ ወዲያው ተከትለሽ በይ፣ የራስሽን ድምፅ ስልክሽ ላይ ቅጂና አስተያዪ። ከሰኞ ጀምሮ ዓረፍተ ነገሩን ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ተናገሪው፤ ጫማ ሲደረግ የጫማውን። ክለሳው በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ነው፦ ቀኙን በእጅሽ ሸፍነሽ አማርኛውን እያየሽ በቃልሽ በይ። ቶሎ ያልመጣልሽ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይዛወር።

አንድ ነገር አደራ፦ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል እየጻፍሽ አትለማመጂ። እዚህ እኔ የጻፍኩት ለጨዋታው ያህል ነው። በእኛ ፊደል መርከብም በግም "ሺፕ" ሆነው ይቀራሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን የመርከቡ አናባቢ አጭርና ላላ ያለ ነው፣ የበጉ ረዘም ያለ። "እስኩል" የምንለውም እዚሁ ላይ ነው፤ ከፊቱ "እ" የለም፣ ከ"ስ" በቀጥታ ወደ "ኩ" ነው የሚገባው።

ባለሱቅ መርካቶ፦
መምህሩ የተናገረው ልክ ነው። ከአማርኛ እየገለበጥን የምንሳሳተውን ልጨምርበት።

ልጅ ሲጠራሽ "መጣሁ" ትያለሽ፤ "አይ ኬም" ካልሽው ግን ቀድሞ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው። "አይም ካሚንግ" ነው። ቴሌቪዥን በእኛ ይከፈታል ይዘጋል፣ በእነሱ "ተርን ኦን"፣ "ተርን ኦፍ" ነው።

ዋናው ግን የአሉታ ጥያቄ ነው። "ዲድንት ሺ ዱ ዘ ሆምወርክ?" ብትባዪ፣ በአማርኛ ልማድ "አዎ፣ አልሠራችም" ለማለት "የስ" ይመጣብሻል። ሰሚው ሠርታለች ብሎ ይሄዳል። ካልሠራች መልሱ "ኖ፣ ሺ ዲድንት" ነው፤ ጥያቄውን እርሺና ስለ ድርጊቱ ብቻ መልሺ።

ሰዓትም አለ። ጠዋት 3 ሰዓት "ናይን ኦክሎክ" ነው። የአገር ልጅ አስተማሪ ቢረዳሽም፣ የውጭ ሰው "ስሪ ኦክሎክ" ካልሽው ከሰዓት 9 ላይ ነው የሚመጣው።

እናት ከጊንጆ፦
አመሰግናለሁ፣ የአሉታ ጥያቄው በተለይ! ቤት ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ ነው የምናወራው፤ እንግሊዝኛ ስጨምርባቸው ልጆቹ አይደናገሩም? የተሳሳተ ባስለምዳቸውስ?

የቋንቋ መምህር፦
አይደናገሩም። መቀላቀላቸው አይቀርም፣ እሱ በሁለትና በሦስት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ ጠባይ ነው። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ግን ለእንግሊዝኛው ብለሽ አትቀንሺ፤ ቁጣም ምክርም ተረትም በለመዱት ይሁን። ለእንግሊዝኛው በቀን አንድ የተወሰነ አጋጣሚ መድቢለት፣ ለምሳሌ ልብስ ሲለበስ ብቻ። ድምፁን አድምጠሽ የያዝሽውን ዓረፍተ ነገር ብቻ እስከተናገርሽ ድረስ ብዙ አትሳሳቺም። ልጅቷ ካረመችሽ ደግሞ ተቀበያት፤ ከመምህሯ የሰማችው ሊሆን ይችላል።

የሦስት ልጆች ወላጅ፦
ለአስተማሪ የሚሆነውን ልጨምር። የጅማ አስተማሪ ትንሽ ስትደናቀፊ ቶሎ ወደ አማርኛ ወይ ኦሮምኛ ይዞርልሻል፤ ለደግነት ነው፣ ልምምድሽ ግን እዚያው ያበቃል። ስለዚህ መክፈቻና መያዣ ይኑርሽ። መክፈቻ፦ "ሃው ኢዝ ሺ ዱዊንግ ኢን ማትስ?" መያዣ፦ "ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊስ?" ስትጠይቂ በ"ኩድ ዩ" ጀምሪ። የእኛ አክብሮት "ይንገሩኝ" ስንል ግሱ ውስጥ ነው ያለው፤ እንግሊዝኛው እንዲህ ያለ ግስ ስለሌለው "ቴል ሚ" ብቻውን ትእዛዝ ይመስላል።

ለጆሮ የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ የስድስት ደቂቃ ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ ንግግሩም ተጽፎ ድረ ገጹ ላይ አለ። ለጀማሪ ግን ይከብዳል፤ እያነበብሽ አድምጪው። ዋይፋይ ስታገኚ ድምፁን ብቻ አውርጂ፣ ቪዲዮው ዳታ ይበላል። ልጆቹ አጠገብሽ ካሉ ኢርፎኑን በአንድ ጆሮ ብቻ አድርጊ።