ሁለት የሊቲየም ባትሪዎችን በፓራለል ከማገናኘቴ በፊት እንዴት እኩል ላድርጋቸው?

ጥያቄ፦
12.8 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሁለት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪዎች አሉኝ፤ ሞዴላቸው አንድ ቢሆንም አንደኛው ለጥቂት ወራት ብቻውን ሲሠራ ቆይቷል። በፓራለል (ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ) ላገናኛቸው አስቤ በመልቲሜትር ስለካቸው፣ ከቻርጀር ገና የተነቀለው 13.6፣ ሌላው ደግሞ 13.2 ቮልት አሳዩ። ልዩነቱ ትንሽ መስሎኝ ፖዘቲቮቹን አያይዤ የኔጌቲቩን ገመድ ሳስጠጋ ግን ጠንከር ያለ ብልጭታ ወጥቶ የገመዱ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ ስለጣለ ወዲያው አቆምሁ። ከማገናኘቴ በፊት ምን ማድረግ ይገባኛል?

1ኛ መልስ፦
ማቆምዎ ተገቢ ነበር። በባትሪዎቹ መካከል የሚያልፈው ከረንት የቮልቴጁ ልዩነት ለጠቅላላው ሬዚስታንስ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ የእነዚህ ባትሪዎች ውስጣዊ ሬዚስታንስ ደግሞ በጣም ዝቅተኛ ነው። የሁለቱም ከነገመዱ 20 ሚሊኦም ነው ብንል፣ 0.4 ቮልት 20 አምፔር ያሳልፋል፤ አንዱ ተሟጦ 12.0፣ ሌላው 13.4 ላይ ቢሆን ኖሮ 70 አምፔር ይሆን ነበር።

ሆኖም ቮልቴጁ እኩል ስለሆነ ብቻ ባትሪዎቹ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። የዚህ ዓይነት ሴል (ባትሪው ውስጥ ካሉት አራት ክፍሎች አንዱ) ከሲሶ እስከ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ቮልቴጁ ከ0.1 ያነሰ ነው የሚለወጠው፤ ከቻርጀር የተነቀለ ባትሪ ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት ካላረፈ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ለዚህ ዓይነት ባትሪ በተሠራ ቻርጀር እስከ 14.4 ቮልት ሞልተው፣ ከረንቱ ወደ 5 አምፔር እስኪወርድ እዚያው ያቆዩት። ከዚያ ነቅለው ያሳርፏቸውና በአንድ መልቲሜትር ይለኩ። ሁለቱም ሞልተው ልዩነቱ ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ማገናኘት ይችላሉ። ባትሪው ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቀዝቅዞ ከሆነ ግን ፈጽሞ ቻርጅ አያድርጉት።

ጠያቂው፦
አዲሱ ያለ ችግር ሞላ። የቆየው ግን 14.1 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ቢኤምኤሱ (በውስጡ ያለው የባትሪ መቆጣጠሪያና መጠበቂያ ሰርኪት) ቻርጁን ያቋርጠዋል፤ ደጋግሜ ብሞክርም ያው ነው። ባትሪው ተበላሽቶ ይሆን?

2ኛ መልስ፦
የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በውስጡ በተከታታይ ከተያያዙት አራት ሴሎች አንዱ ቀድሞ ሞልቶ ገደቡን፣ ብዙውን ጊዜ 3.65 ቮልትን፣ ስለሚነካ ቢኤምኤሱ ሌሎቹ ሳይሞሉ ሁሉንም ያቋርጣል። ሴሎቹን የማመጣጠን ሥራ የቢኤምኤሱ ቢሆንም የሚሠራው በዝግታ ነው፤ ከሞላው ሴል የሚያፈሰው 50 ሚሊአምፔር ቢሆን፣ የ2 አምፔር ሰዓት ልዩነትን ለማጥፋት 40 ሰዓት ይፈጅበታል። ቻርጀሩ ቮልቴጅ የሚስተካከልበት ከሆነ ወደ 13.8 ዝቅ አድርገው፣ በየጊዜው እየተመለከቱ አንድ ሁለት ቀን ያቆዩትና ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ 14.4 ይመልሱት። ቢኤምኤሱ በስልክ የሚታይ ከሆነ የአራቱን ሴሎች ንባብ ይከታተሉ፤ ከዚህ በኋላም ያው ሴል ከሌሎቹ ቀድሞ ገደቡን ከነካ ያን ባትሪ ከሌላው ጋር ባያያይዙት እመርጣለሁ።

3ኛ መልስ፦
በተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የመጨረሻውን ገመድ ከማሰርዎ በፊት በክፍተቱ መካከል ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖል ያስገቡ። ባትሪዎቹ ተመጣጥነው ከሆነ አምፖሉ አይበራም፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተዟዙረው ከሆነ ግን ቦግ ብሎ ይቃጠላል፣ ከባትሪው ይልቅ እሱ ቢቃጠል ይሻላል። በአምፖሉ ብቻ ባትሪዎቹን እናመጣጥናለን የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም የ0.1 ቮልት ልዩነት በእሱ በኩል የሚያሳልፈው ከሩብ አምፔር ያነሰ ስለሆነ ሥራው ቀናት ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ባትሪ የራሱን ፊውዝ ያድርጉለት፣ የማገናኛ ገመዶቹም በርዝመትና በውፍረት አንድ ይሁኑ። ወደ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ዲሲ ወደ ኤሲ የሚቀይረው መሣሪያ) የሚሄደውን ፖዘቲቭ ከአንደኛው ባትሪ፣ ኔጌቲቩን ደግሞ ከሌላኛው ይውሰዱ፤ ሁለቱንም ከአንድ ባትሪ ከወሰዱ ያ ባትሪ ሁልጊዜ ከድርሻው በላይ ይሸከማል።